ጣት ሲለቀው ካርዱ እንዴት ይመለስ?

ድሬዳዋ ውስጥ ዕቃ ለሚያደርሱ የባጃጅ ሾፌሮች አፕ እየሠራሁ ነው። ትዕዛዝ ሲመጣ ስክሪኑ ላይ በካርድ መልክ ይወጣል። «ከቀፊራ ወደ ሳቢያን» ይላል። ሾፌሩ ወደ ቀኝ ከጎተተው ተቀበለ፤ ወደ ግራ ከጎተተው ለሌላ ተወው ማለት ነው። መሃል ላይ ከለቀቀው ካርዱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

መጀመሪያ የሠራሁት ቀላሉን ነበር። ጣት ሲለቀው በ300 ሚሊሰከንድ ይመለስ አልኩት። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ተራ ለሚጠብቅ አንድ ሾፌር ስልኩን ሰጠሁት። በአውራ ጣቱ ካርዱን ፈጠን አድርጎ ገፋው። ትንሽ ሄደና ተመለሰ። ደገመው። አሁንም ተመለሰ። «አቦ፣ እምቢ አለኝ እኮ!» አለና ስልኩን መለሰልኝ።

እውነቱን ነው። እሱ የገፋው በፍጥነት ነው፤ የእኔ ኮድ የሚያየው ግን ርቀት ብቻ ነው። ካርዱ የስክሪኑን ግማሽ ካላለፈ አልተቀበለም ብዬ ነበር የጻፍኩት። ስልክ በአንድ እጅ ሲያዝ ደግሞ አውራ ጣት ያን ያህል አይርቅም።

ስለዚህ ካርዱ የጣቱንም ፍጥነት እንዲያይ፣ አፑን በምሠራበት በፍላተር ስፕሪንግ ሲሙሌሽን፣ ማለትም ካርዱን እንደ ሞላ በሚያንቀሳቅስ ስሌት፣ ልሠራው ወሰንኩ። የመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ቀን በላኝ። ቁጥሮቹን ምንም ባደርጋቸው ካርዱ ቦታው ሲደርስ ግድግዳ እንደገጨ ቀጥ ይላል። ምክንያቱ እንቅስቃሴውን በቁጥር የሚመራው አኒሜሽን ኮንትሮለር ነው። ዝም ብሎ ከተፈጠረ የሚይዘው ከ0 እስከ 1 ብቻ ነው። ሞላው አልፎ ሊመለስ ሲል ኮንትሮለሩ 1 ላይ ይቆርጠዋል። «አንባውንድድ» የሚባለውን፣ ገደብ የሌለውን ዓይነት ስጠቀም ካርዱ መወዛወዝ ጀመረ። ቦታውንም በፒክስል አስያዝኩት። ይሄ ሌላ ሥራ አቀለለልኝ። ጣት ሲለቅ ፍላተር የሚሰጠው ፍጥነት በሰከንድ ፒክስል ነው፤ ምንም ሳልቀይር ለሞላው አቀበልኩት። ኮንትሮለሩን ከ0 እስከ 1 የተወ ሰው ግን ፍጥነቱን ለርቀቱ ማካፈል አለበት፤ አለዚያ መለኪያዎቹ አይገናኙም።

መወዛወዙ አሁን ደግሞ በዛ። በዚህ ጊዜ ነው መጋላ ያለው የአጎቴ ጋራዥ የሄድኩት። ድሬ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት። አጎቴም ሙያውን የለመደው ከምድር ባቡር ሰዎች ነው። ስለ ሞላ ስጠይቀው ብዙ አላወራም። አሞርዛተሩ ያለቀበትን ባጃጅ ከኋላ ተጫነና ለቀቀው። አራት አምስት ጊዜ ወጣ ወረደ። ቀጥሎ አዲስ የተገጠመለትን ተጫነው። አንዴ ከፍ አለና ረጋ። «ሞላ ይመልሳል እንጂ መቆም አያውቅም። የሚያቆመው አሞርዛተሩ ነው» አለኝ።

ፍላተር የሚጠይቃቸው ሦስት ቁጥሮች በሙሉ እዚያ ባጃጅ ላይ ነበሩ። ክብደት፣ የሞላው ጥንካሬ፣ ከዚያ ዳምፒንግ የሚባለው፣ ማለትም የአሞርዛተሩ ሥራ። እኔ ክብደቱን 1፣ ጥንካሬውን 100 አድርጌ ዳምፒንጉን 5 ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። ካርዱ አሞርዛተሩ ያለቀ ባጃጅ ነበር ማለት ነው። ሳያልፍ ቶሎ የሚረጋበት ልክ ይሰላል። ክብደቱን በጥንካሬው ማባዛት፣ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት፣ ከዚያ በ2 ማባዛት። ለእኔ 20 መጣ። በ20 ካርዱ ረጋ፤ ግን ዘገየብኝ። ጥንካሬውን 400 ሳደርገው ልኩ 40 ሆነ። እኔ 30 ላይ ተውኩት። ካርዱ ቦታውን በጥቂት ፒክስል አልፎ ይመለሳል። ያቺን ትንሽ ነገር በጣም ወደድኳት፤ ዓይን ሳይጠራጠር ካርዱ እንደተመለሰ ያውቃል።

የቀረው ቶሎ አለቀ። የትዕዛዞቹ ዝርዝር ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚሄድ፣ ካርዱ ወደ ጎን የሚሄደውን ጣት ብቻ እንዲሰማ አደረግኩ። እየተመለሰ ሳለ ጣት ካረፈበት ኮንትሮለሩ ወዲያው ይቆማል። ይህቺን መስመር እንዳትዘሏት፤ ያለሷ ካርዱ ከጣት ጋር ይታገላል። ፍጥነቱን ስትፈትሹም ስህተት በሚፈለግበት በዲበግ ሞድ አትፍረዱ፤ እዚያ ሁሉም ነገር ይንቀረፈፋል። ፍጥነት በሚለካበት በፕሮፋይል ሞድ፣ ሾፌሮቹ በሚይዙት ዓይነት ርካሽ ስልክ ሞክሩት።

ተመልሼ ከዚራ ሄድኩና ለዚያው ሾፌር ሰጠሁት። አንዴ ገፋው፤ ካርዱ በገፋበት ፍጥነት ሄደለት። ቀጥሎ አንዱን መሃል ላይ ለቀቀና፣ እየተመለሰ ሳለ በጣቱ ያዘው። ቆመለት። ከዚያ ሌላ ሲነካ እጁ አዳለጠውና አንድ ትዕዛዝ ወደ ግራ ሄደበት። ትዕዛዝ መጣል ለእሱ እንጀራ መጣል ነው። ማታ ቁጭ ብዬ ሁለቱን ወገን ለየኋቸው። ለመቀበል በሰከንድ 700 ፒክስል ይበቃል፤ ለመጣል ግን ከ1200 ማለፍ አለበት።