ክብሪቱን የያዘው ልጅ

የስካውት ቡድን ውስጥ ስገባ 14 ዓመቴ ነበር። የጠበቅኩት ሰልፍ፣ አንገት ላይ የሚታሰር ስካርፍና ተራራ መውጣት ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ግን የተሰጠኝ 2 ሜትር የምትሆን ገመድ ብቻ ነበረች። አንድ ቋጠሮ ስቋጥርና ስፈታ ረፈደ፤ መጀመሪያ የቀኙን ጫፍ በግራው ላይ፣ ቀጥሎ የግራውን በቀኙ ላይ። ሁለቱን ጊዜ በአንድ በኩል ካዞሩት ቋጠሮው ይጣመምና ሲስቡት ይከዳል። በትክክል ከታሰረ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፤ የተጎዳ ክንድ በስካርፍ ሲንጠለጠል አንገት የማይቆረቁረውም ለዚህ ነው። ቶሎ የሚሰለች ልጅ ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ መጀመሪያው ድግግሞሽ ነው።

ስካርፉን ያገኘሁት ሦስት ጣቴን አንስቼ ቃል ከገባሁ በኋላ ነው። ሦስቱ ጣቶች ለፈጣሪና ለአገር ያለንን ግዴታ፣ ሰውን መርዳትንና የስካውትን ሕግ ማክበርን ያመለክታሉ። ከሁሉ የከበደኝ በግራ እጅ መጨባበጡ ነበር። እኛ ቀኝ እጃችን ቢቆሽሽ እንኳ አንጓችንን እንዘረጋለን እንጂ ግራ አንሰጥም። አያቴ እቤት ስለማመድ አይታ «ቀኝህን ምን ነካው?» አለችኝ። ጋሻ በግራ ስለሚያዝ፣ ግራውን የሚዘረጋ ሰው ጋሻውን አስቀምጦ አምኖሃል ማለት ነው፤ ነገሩ ከምዕራብ አፍሪካ አሻንቲዎች እንደመጣ ይነገራል ብዬ አስረዳኋት። የአባቷን ጋሻ ግድግዳ ላይ እያየች ያደገች ናትና ወዲያው ገባት።

የስካውት መሥራች ቤደን ፓውል እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ ብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን የስካውት ሰፈር (ካምፕ) ሲያቋቁም፣ ሃያ የሚሆኑ የባለጸጋና የድሃ ልጆችን ቀላቅሎ በትንንሽ ቡድን ከፍሏቸው ነበር። እስካሁን ሥራው ሁሉ የሚያልፈው በእነዚያ ትንንሽ ቡድኖች ነው። የእኛ ሰባት ነበርን። ጥር ላይ በመናገሻ ሱባ ደን፣ ከጽድና ከዝግባው ሥር ስንሰፍር ለእኔ የደረሰኝ ማገዶና ክብሪት ነበር። የወደቀ ደረቅ እንጨት ለቅሜ ከመርኩ በኋላ ክብሪቱን እዚያው ትቼ ተኛሁ። ሲነጋ ጤዛው አርሶት አንዱም እንጨት አልጫር አለ። ሰባት ልጅ በዚያ ብርድ ሻይ አጥቶ ቆመ፤ ማንም አልተቆጣኝም፣ ማንም ግን በእኔ ፋንታ አልተንቀሳቀሰም። ሌላው ቡድን ዘንድ ሄጄ እሳት ጭሬ መጣሁ። በቤታችን ከእኔ በፊት የሚነሳ እናት ወይም እህት ሁልጊዜ ነበር፤ የእኔን ሥራ የሚጠብቅ ሰው መኖሩን ያወቅኩት በዚያ ጠዋት ነው። የቡድን መሪያችን ክብሪቱን ማታ አይቶት እንደነበር በኋላ ነገረኝ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት አሰልጣኞቹን ሂዱና እዩ። ሰፈር ሲወጣ ስንት አዋቂ አብሮ እንደሚያድር ጠይቁ፤ አንድ አዋቂ ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር የሚሆንበት አሠራር ካለ አትላኩ። ጥሩ ቡድን በዚህ ጥያቄ አይከፋም። ልብስን በተመለከተ ወፍራም ሹራብ ከአዲስ ጫማ ይበልጣል።

በ17 ዓመቴ እኔም የቡድን መሪ ሆንኩ። ክብሪቱን ለትንሹ ልጅ ሰጠሁት። ማታ በባትሪ ስዞር ክብሪቱ ከማገዶው ላይ ተቀምጦ አየሁ፤ ልጁ ተኝቷል። ላነሳው እጄን ዘረጋሁ፣ መልሼ ሰበሰብኩ፣ ወደ ድንኳኔ ገባሁ። እንቅልፍ ግን ቶሎ አልወሰደኝም።