መጽሐፍ የምታነብ ሚስት

የአርተር ሚለርን «ዘ ክሩሲብል» ሰሞኑን ደግሜ አነበብኩት። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ ነው፤ ታሪኩ ግን በ1692 አሜሪካ ውስጥ፣ ሳሌም በምትባል ቦታ በጥንቆላ ስለተከሰሱ ሰዎች ነው።

አንጀቴን የበላችኝ ማርታ ኮሪ ናት። ባሏ ጃይልስ ክፋት ሳያስብ ጥንቆላውን ሊመረምር ለመጣው ለፓስተር ሄል ሚስቴ መጽሐፍ እየደበቀች ታነባለች፣ እሷ ስታነብ ጸሎት እምቢ ይለኛል ብሎ ያወራል። በቃ፣ ይቺን ብቻ! ቆይቶ ያው መጽሐፏ ክስ ሆኖባት ትታሰራለች።

ኤልሳቤጥስ? ባሏ ጆን ፕሮክተር ከቤት ሠራተኛቸው ከአቢጌል ጋር ማግጦባት፣ መጨረሻ ላይ ቤቴን ያቀዘቀዝኩት እኔ ነኝ ብላ ይቅርታ የምትለምነው እሷው ናት። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ሚለርም ቢሆን አይተርፍም፤ በእውነተኛው ታሪክ አቢጌል ገና 11 ወይም 12 ዓመቷ ነበር፣ እሱ ግን 17 አድርጎ የሰው ባል የምታማልል ሴት አድርጓታል።