ስድስት ሳምንት የበላኝ ፉዩል ማፕ በሁለት እሁድ እንዴት አለቀ

በፈረንጆቹ 1993 የተሠራች ኮሮላ አለችኝ፤ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ፣ 1600 ሲሲ። አምና ክረምት ኮምፒውተሯ ውስጥ ውሃ ገብቶ ቦርዱ ተበላና ሞተ። ያገለገለ ፍለጋ ሳምንት ሙሉ ዞርኩ። የሚጠራው ዋጋ አይቀመስም፣ ደግሞ ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ስፒዱኢኖ ይዞልኝ መጣ። ስፒዱኢኖ በአርዱኢኖ ሜጋ ላይ የተሠራ፣ ንድፉ ለማንም ክፍት የሆነ የሞተር ኮምፒውተር ነው። ሽቦ መቀጣጠሉ አራት ቀን ፈጀ፣ እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። የዛሬው ወሬ የነዳጅ ሰንጠረዡ ነው፤ ፉዩል ማፕ የሚሉት።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ሰንጠረዡ 16 በ16 ነው፣ 256 ሳጥን። ወደ ጎን የሞተሩ ዙር፣ ወደ ላይ ደግሞ የአየር ማስገቢያው ግፊት በኪሎፓስካል። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ያለው ቁጥር "በዚህ ዙርና በዚህ ግፊት ሲሊንደሩ ስንት በመቶ አየር ይሞላል" ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ከዚያ ተነስቶ ኢንጀክተሩን ለስንት ሚሊሴኮንድ እንደሚከፍት ያሰላል። ጭስ ማውጫው ላይ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ ዋይድባንድ ሴንሰር ይገጠማል፣ የኔ ቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ነው። እሱ ላምዳ ያሳይሃል። 1 ከሆነ ነዳጁና አየሩ ልክ ነው፣ ከ1 ካለፈ ነዳጅ አንሷል፣ ከ1 በታች ከሆነ በዝቷል።

ስድስቱን ሳምንት ምን ስሠራ ነበር? የአክስቴ ልጅ ይነዳል፣ እኔ ጎኑ ላፕቶፕ ታቅፌ ሳጥን በሳጥን እቀይራለሁ። ሴንሰሩ 1.10 ሲል ቁጥር እጨምራለሁ፣ 0.85 ሲል እቀንሳለሁ። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ችግሩ ሴንሰሩ የሚያሳየው ያለፈውን ነው። የተቃጠለው ጋዝ ቧንቧውን ተጉዞ ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስ፣ ሴንሰሩም እስኪመልስ ጊዜ ይሄዳል፤ ሚኒሞ ላይ (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) በኔ መኪና ግማሽ ሴኮንድ ያህል ነው። እኔ ቁጥሩን ስነካ መኪናዋ ሌላ ሳጥን ውስጥ ገብታለች። ማታ ቤት ገብቼ ሰንጠረዡን በምስል ሳየው ለውሃ መስመር የተቆፈረ ኮብልስቶን ነው የሚመስለው። እዚህ ጉድጓድ፣ እዚያ ጉብታ።

ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ። ሚኒሞ ላይ ሴንሰሩ ሁልጊዜ "ነዳጅ አንሷል" ይላል፣ እኔም እጨምራለሁ፣ መኪናዋ ግን ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። ሰፈራችን ያሉት አዛውንት መካኒክ ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብለው ሲያዩኝ ከረሙና አንድ ቀን ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ካንዴላውን አውጥተህ አይተኸዋል?"

"አላየሁትም ጋሼ፣ ሴንሰሩ ይነግረኛል ብዬ ነው።"

አወጣነው። ጥቁር ጥላሸት ለብሷል። "ይኸው፣ ኮምፒውተርህ አንሷል ይላል፣ ካንዴላው በዝቷል ይላል። የማንን ትሰማለህ?" አሉኝ። ከዚያ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልለው ሞተሩ እየሠራ የማርሚታውን ጫፍ አፈኑት። ጎንበስ ብዬ ስሰማ ከሴንሰሩ በላይ፣ ቧንቧው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ጋ "ጢስ ጢስ" ይላል። መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተበልቷል፣ ዙሪያውንም ቀጭን የጥላሸት መስመር ሠርቷል። በአንዱ ሲሊንደርና በሌላው ትንፋሽ መሃል በዚያች ቀዳዳ የውጭ አየር ይገባል፣ ሴንሰሩ ኦክስጅኑን ያይና ነዳጅ አነሰ ብሎ ይፈርዳል። እኔም አምኜው የታችኞቹን ረድፎች በሙሉ አሳብጫቸዋለሁ። ከሶማሌ ተራ አዲስ ጓርኒሲዮን ገዝተን በሃያ ደቂቃ ቀየርነው። ስድስት ሳምንት ከሃያ ደቂቃ ጋር ሳስተያየው እስካሁን ያናድደኛል።

ስለዚህ ሰንጠረዡን ከመንካቴ በፊት መኪናዋን መመርመር ጀመርኩ። ሁለተኛው ሌባ የተገኘው በዚህ ነው። ኢንጀክተር መብራት እንደደረሰው ወዲያው አይከፈትም፤ አንድ ሚሊሴኮንድ አካባቢ ይዘገያል፣ ባትሪው ሲደክም ደግሞ የበለጠ ይዘገያል። ሚኒሞ ላይ ጠቅላላ የሚከፈትበት ጊዜ 2 ሚሊሴኮንድ ከምናምን ስለሆነ ይህች መዘግየት ግማሽ ያህሉን ትይዛለች። መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ ላምዳውን አይተህ የፊት መብራት፣ ማራገቢያና የኋላ መስታወት ማሞቂያውን በአንዴ አብራ። ቮልቱ ይወርዳል። ላምዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ የቮልት ማስተካከያህ ልክ አይደለም። የኔ ከ1.00 ወደ 1.09 ሄደ። መብራት ባበራሁ ቁጥር ማታ ማታ የሚንቀጠቀጠው ሚኒሞ ለካ ከሰንጠረዡ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ፈጣን ነው። እየነዱ መቀየር ቀረ። አንድ ሰው ይነዳል፣ ላፕቶፑ ዝም ብሎ ይቀዳል፣ ቆመን እናሰላለን። ስሌቱ የአንደኛ ደረጃ ሂሳብ ነው፦ የሳጥኑን ቁጥር በተለካው ላምዳ አባዛና ለተፈለገው ላምዳ አካፍል። ሳጥኑ 52 ከሆነ፣ የፈለግከው 1.00 ሆኖ የተለካው 1.08 ከሆነ አዲሱ ቁጥር 56 ነው። በቃ። መገመት የለም። ቲዩነርስቱዲዮ የሚባለው ፕሮግራም ይህን ራሱ ይሠራልሃል፣ የሴንሰሩን መዘግየትም ያስብልሃል፣ ለዚያ ግን ገንዘብ የሚከፈልበት ስሪት ያስፈልጋል። እኔ መጀመሪያ በኤክሴል ነው የሠራሁት፣ እሱም ይበቃል።

ዋናው ሚስጥር ግን ስሌቱ ላይ አይደለም፣ የሚጣለው ዳታ ላይ ነው። ውሃው 75 ዲግሪ ሳይደርስ የተቀዳውን ጣልኩ፣ የማሞቂያ ጭማሪ ነዳጅ ስላለበት። እግር ድንገት ነዳጅ ላይ ሲረገጥ ያለውን ጣልኩ። እግር ተነስቶ ነዳጅ የተቆረጠበትን ጣልኩ፣ ያኔ ቧንቧው ውስጥ ያለው ንጹህ አየር ብቻ ነው። ከአሥር ጊዜ በታች የተጎበኘ ሳጥንም አልነካም። ኮምፒውተሩ በራሱ በሴንሰሩ እየተመራ የሚያርመውንም በቀረጻው ጊዜ አጠፋሁት፣ አለዚያ ሁለት ሰው አንድ መሪ እንደያዘ ነው። ከአርባ ደቂቃ ቀረጻ የተረፈኝ ሲሶው ነው። ያ ሲሶ ከስድስቱ ሳምንት ልፋት የበለጠ ሠራ።

ሌላው አነዳዱ ነው። ዝም ብሎ ከተማ ውስጥ መዞር የሚጎበኘው እነዚያኑ ሠላሳ ሳጥኖች ነው፣ ትራፊክ መብራትና ታክሲ ኋላ መጎተት። እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ወደ እንጦጦ መውጫ ሄድን። ዳገት ትልቅ ጸጋ ነው። በሦስተኛ ማርሽ 2500 ዙር ላይ ይዘህ ነዳጁን ቀስ እያልክ ትጨምራለህ፣ ዳገቱ ዙሩ እንዳይሸሽ ይይዝልሃል፣ ስለዚህ አንድን ዓምድ ከታች እስከ ላይ ትጠርገዋለህ። ከዚያ 3000፣ ከዚያ 3500። በመጀመሪያው ዙር የስሌቱን ሙሉ ለውጥ አስገባሁ፣ በሁለተኛው ግማሹን ብቻ። ፔዳሉ እስከ ታች በሚረገጥበት ክፍል ላይ ግን ሆን ብዬ ነዳጁን አብዝቼ ነው የጀመርኩት፣ ዒላማዬም 0.88 ነበር። እዚያ ላይ ነዳጅ ቢያንስ የሚቀልጠው ፒስተን ነው።

በመጀመሪያው እሁድ ማታ ሰንጠረዡ ለስላሳ ኮረብታ ሆነ። ጮቤ ረገጥኩ።

በሁለተኛው እሁድ ወደ አዳማ ወረድን። ፈጣን መንገዱ ላይ ሁሉም ነገር ቅቤ ነው። ሞጆ አካባቢ አንድ ከባድ መኪና ለመቅደም የአክስቴ ልጅ ፔዳሉን እስከ ታች ረገጠው። መኪናዋ ሸርተት አለችና አንገታችንን ወደፊት ወረወረችው። "ምን አደረግካት?" አለኝ፣ እኔ ግን ዓይኔ ላምዳው ላይ ነው፤ 1.07። 0.88 መሆን ሲገባው! "እግርህን አንሳ፣ አንሳ!"

ዳር ይዘን ሰንጠረዡን ስከፍተው ጥፋቴ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አዲስ አበባ 2300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የከባቢው አየር ግፊት 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ፔዳሉን ብታሰምጠውም ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ከ80 እስከ 100 ያሉትን ረድፎች እንጦጦ ላይ ሺህ ጊዜ ብመላለስ አልነካቸውም። ከኢንተርኔት ያወረድኩት የሌላ ሰው ቁጥር እንዳለ ተቀምጧል። የ75 ረድፍ 74 ሲል የ80ው ረድፍ 61 ይላል፤ ገደል። ቁልቁል ስንወርድ አየሩ ወፈረ፣ አዳማ አካባቢ 83 ይደርሳል፣ መኪናዋም ገደሉ ውስጥ ገባች።

እዚያው ኮፈኑ ላይ ላፕቶፑን አስቀምጬ ሠራሁት። የ65፣ የ70 እና የ75 ረድፎች 70፣ 72፣ 74 ይላሉ፣ በዚያው አካሄድ 80ን 76፣ 85ን 78 እያልኩ እስከ 100 ቀጠልኩ። አዳማ ዙሪያ ፈትነን ስናሰላ እስከ 85 ባለው ነዳጁ ሁለት ሦስት በመቶ በዝቶ ተገኘ። ይህም ምክንያት አለው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ የውጭው ግፊት ከፍ ስለሚል ጭሱ በቀላሉ አይወጣም፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀር የተቃጠለ ጋዝ ይበዛል፣ በዚያው የማስገቢያ ግፊት የሚገባው አዲስ አየር ትንሽ ይቀንሳል። ይህን ከሰንጠረዡ ሳይሆን የውጭውን አየር ግፊት እያየ ነዳጁን ከሚያርመው ከባሮሜትር ማስተካከያው ላይ ቀነስኩት፣ አለዚያ ሸገር ስንመለስ ነዳጅ ያንስ ነበር።

አዋሽ ሰባት ድረስ ገና አልወረድኩም። እዚያ ከፍታው 1000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ 90 ኪሎፓስካል ይገኛል፣ የ90ን ረድፍ እሱ ይጨርሳታል። አሁን የያዝኩት የጠዋት ማስነሻውን ነው፤ ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ የሚቀዘቅዘው ሌሊት ብቻ ስለሆነ በቀን አንድ ሙከራ ብቻ ነው ያለኝ። ዛሬ ጠዋት በሦስተኛው ተነሳች።