ጀለቢያው ላይ የቀረው ቡኒ

ሰርጉ እሑድ ነበር። ስልኬ የጮኸው ሰኞ ጠዋት ነው። «ልጄ፣ እስቲ መጥተህ ሶፋውን እየው» አሉኝ እትዬ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ስለሌለበት ይበልጥ ደነገጥኩ።

ቤታቸው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ስደርስ ሳሎኑ ገና ሰርግ ሰርግ ይላል። የዕጣኑም የቡናውም የወጡም ሽታ ገና አልለቀቀም። እትዬ ምንም ሳይናገሩ አንድ ነጭ ጀለቢያ ዘረጉልኝ። የሙሽራው አባት የለበሱት ነው። ጀርባው ከትከሻ እስከ ወገብ ቡኒ ሆኗል። የጫማ ቀለም ነው። የቀባሁት እኔ ነኝ።

ያኔ የሶፋ ጥገና ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጨርቅ ማልበስ፣ ስፖንጅ መቀየር፣ የላላ ስፕሪንግ ማሰር እችላለሁ። እውነተኛ ቆዳ ግን ብዙም አልገጠመኝም። የእትዬ ሶፋ ደግሞ ተራ ሶፋ አይደለም። ባለቤታቸው፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። መስመራቸው አሰብ። ወደቡ ሳይዘጋ በፊት ሶፋውን ከዚያ ጭነው ያመጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ባለሦስት፣ ሁለት ባለአንድ። ቡኒ የበሬ ቆዳ። መስኮቱ ሥር ያለው ባለአንድ የእሳቸው መቀመጫ ነበር።

ለሰርጉ አሳምርልኝ ተብዬ ስሄድ ሶፋው አርጅቷል። የጥር ደረቅ ነፋስና የመስኮቱ ፀሐይ የእጅ መደገፊያውን ሰነጣጥቀውታል። ባለሦስቱ መቀመጫው ላይ አራት ጣት የሚሆን ቅድ አለ። የቀረኝ ሦስት ቀን ነው። በልብስ ሳሙናና በብሩሽ ፈተግኩት። ቅዱን በሱፐር ግሉ ያዝኩት። ከዚያ ቡኒ የጫማ ቀለም ቀብቼ በጨርቅ ወለወልኩት። አበራ። እትዬም መረቁኝ። እኔም በምርቃቱ ኮርቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ያየሁት ሌላ ሶፋ ነው። ቀለሙ ሰው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ተልጧል። ቅዱ በሱፐር ግሉው ጠርዝ በኩል እንደገና ተከፍቷል። ሙጫው እንደ ብርጭቆ ደርቆ አጠገቡ ያለውን ደህና ቆዳ ይቆርጠዋል። መጀመሪያ አራት ጣት የነበረው አሁን ስድስት ሆኗል።

«አብሽር» አሉኝ እትዬ። ቡና ቀዱልኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፦ «ለጫማ የተሠራውን ለወንበር ማን አለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ማንም አላለኝም። ጫማም ቆዳ፣ ሶፋም ቆዳ ብዬ ነው።

በማግሥቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። እዚያ ቆዳ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ አውቃለሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «የምን ቆዳ ነው?» አሉኝ። የበሬ ነው አልኩ። «እሱን አልጠየቅኩህም። ላዩ ምንድን ነው?»

ሥራዬን የቀየረችው ይህች ጥያቄ ናት። ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ቆዳ ሲለፋ ውስጡ ቅባት ይገባል። ቆዳው የተሠራባቸው ቀጫጭን ክሮች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ የሚተጣጠፉት በዚያ ቅባት ነው። ቅባቱ ሲያልቅ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ ቆዳ ወደ አሲድ ያዘነብላል። የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤች የሚባለው (ከ7 ሲያንስ አሲድ ነው)፣ 4 እና 5 አካባቢ ነው። የልብስ ሳሙና ግን ወደ 10 ይጠጋል። በረኪና ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ በልብስ ሳሙና ስፈትገው እያጸዳሁት ሳይሆን እየጎዳሁት ነበር።

ዋናው ግን ላዩ ነው። ማቅለሚያ ብቻ ጠጥቶ ላዩ ክፍት የሆነ ቆዳ አለ። ላዩ ላይ ቀለምና መከላከያ ሽፋን የተቀባበትም አለ። ቤታችን ያለው የቆዳ ሶፋ አብዛኛው ሁለተኛው ነው። ለመለየት ከኋላ፣ የማይታይ ቦታ ላይ አንድ የውሃ ጠብታ ጣል አድርጉ። ጠብታው ሰርጎ ቦታው ከጠቆረ ክፍት ነው። እንደ ዕንቁ ላዩ ላይ ከቆመ ሽፋን አለው። የእትዬ ሶፋ ሽፋን ያለው ነበር። የጫማ ቀለም ሰምና ማቅለሚያ ነው። ሽፋኑን አልፎ አይገባም፤ ላዩ ላይ ይቆያል። ሰው ሲደገፍበት ሙቀቱ ሰሙን ያላላዋል፣ ቀለሙም ወደ ልብሱ ይሄዳል። የጀለቢያው ጉዳይ በቃ ይኸው ነው።

ቅቤስ? ብዬ ጠየቅኳቸው። አያቴ ጀንዲዋን ቅቤ ስትቀባ እያየሁ ነው ያደግኩት። ጀንዲ ላዩ ክፍት ስለሆነ ይጠጣል አሉኝ። ሽፋን ያለው ሶፋ ግን አይጠጣም። ቅቤው ላዩ ላይ ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል፣ ይጠቁራል፣ ሲቆይም ይሸታል። የምግብ ዘይትም ያው ነው።

ተመልሼ ሥራውን ከዜሮ ጀመርኩ። ለጀለቢያው አዲስ ገዛሁ። ከእትዬ ሳንቲም አልተቀበልኩም።

የጫማ ቀለሙን ማውረድ ሦስት ቀን ፈጀ። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን የቆዳ ማጽጃ በስፖንጅ አረፋ አደርጋለሁ። ውሃውን ሳይሆን አረፋውን ብቻ አሳርፋለሁ። ቀስ ብዬ አሽቼ ወዲያው በነጭ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ደጋገምኩት። በአልኮል ወይም በአሴቶን ቶሎ ይለቅ ነበር፤ ግን የሶፋውን የራሱን ቀለምም ይዞ ይሄዳል።

ቅዱ ከሁሉም ከበደኝ። የደረቀውን ሱፐር ግሉ በምላጭ ፍቄ አወጣሁ። ጠርዙን ያሳሳሁት ቁራጭ ቆዳ በወረንጦ ከቅዱ ሥር አስገባሁ። ከቅዱ በሁሉም በኩል ሁለት ጣት ይተርፋል። ማስቲሽ የሚባለውን ሙጫ የቁራጩንም የሶፋውንም ገጽ ቀባሁ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ጣት ላይ መያዙን እስኪተው። ጀማሪ እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ እርጥቡን ያጣብቃል፣ ይከዳዋል። የቅዱን ሁለት አፍ አገናኝቼ፣ ላዩ ላይ ሰሌዳና ድንጋይ ጭኜ አሳደርኩት። ማስቲሽ ሲደርቅም ይተጣጠፋል። ሰው ለሚቀመጥበት ነገር ይሄ ግድ ነው። በማግሥቱ መስመሩን በቆዳ መሙያ ሳሳ ሳሳ አድርጌ ሞላሁ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። የቆዳውን ቀለም መጀመሪያ ከኋላ ሞክሬ፣ በስፖንጅ አራት ጊዜ በስሱ ቀባሁ። በመጨረሻ መከላከያው።

ከዚያ ወዲህ ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ሶፋው የቆመበት ቦታ ላይ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ያገኘዋል? የቡናው ከሰል ማንደጃ ተጠግቶታል? ደሴ ብርድ ስለሆነ ማንደጃ ወደ ወንበር ማስጠጋት እንወዳለን። እባካችሁ አርቁት። ሙቀቱ ቆዳውን ያደርቀዋል። ቡና ከፈሰሰ አትሹት፣ በደረቅ ጨርቅ ተጭናችሁ አስመጥጡት። ወጥ ከነካው ቅባቱን በደረቅ ጨርቅ አንሱና የሕፃን ፓውደር ነስንሳችሁ አሳድሩት። የቆዳ ክሬም በዓመት ሁለቴ ሦስቴ፣ በስሱ፣ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ቆዳ ነው» ተብሎ ተሽጦ በሁለት ሦስት ዓመት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚረግፍ ሶፋ አለ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ላይ ብዙ አይቻለሁ። እሱ ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው። ክሬምም ቀለምም አያድነውም። አዲስ ማልበስ ብቻ ነው መፍትሔው። ለባለቤቱ እንዲህ ብሎ መንገር ያሳዝናል፤ ግን ገንዘቡን በከንቱ ከመቀበል ይሻላል።

ወደ እትዬ ልመለስ። የመስኮቱን ባለአንድ ሳጸዳ፣ የጫማ ቀለሙ ሲወርድ፣ ጭንቅላት የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንዲት ጥቁረት ብቅ አለች። የዘመናት የፀጉር ቅባት ነው። ሽፋኑን ቀስ በቀስ በልቶ ሰርጎ ገብቷል። እሱንም ማስወገጃ መንገድ ተምሬ ነበርና «እትዬ፣ ይቺንም አጠፋታለሁ» አልኳቸው።

ቀረብ ብለው አዩዋት። በእጃቸው ዳበሷት።

«ሰርጉ ለት ፈልጌ አጥቻት ነበር» አሉ። «የእሱ ናት። ተዋት ልጄ።»

ቀለሙን ስቀባ ጥቁረቷ ላይ ወረቀት ለጥፌ ሸፈንኳት። ዙሪያዋን ቀባሁ። ሲደርቅ ወረቀቱን አነሳሁት።