እንኳን ለቡሄ አደረሳችሁ፤ ጋሼ የሌሉበት ችቦ

እንኳን ለደብረ ታቦር በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ፒያሳ ለቀራችሁ፣ ከፒያሳ ተነሥታችሁ በየኮንዶሚኒየሙ ለገባችሁ፣ ባሕር ማዶ ለምትኖሩም።

ዘንድሮ ነሐሴ 12 ማታ ችቦው ሲለኮስ ጋሼ የሉም። ስማቸውን መጻፍ አያስፈልግም፤ ከእጃቸው ሙልሙል ያልተቀበለ የሠፈር ልጅ የለምና ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ፎቷቸውን ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ማለት አይበቃቸውም። ቡሄን የሚያከብሩበት መንገድ ከእሳቸው ጋር እንዳይቀበር፣ እንዴት ያደርጉት እንደነበር ለልጆቻችሁ እንድታሳዩ ነው ይህን የምንጽፍላችሁ።

ጅራፍ የሚጮኸው ገመዱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ሲሄድ ነው። እጀታው ጋ አውራ ጣት ያህል የወፈረው ጫፉ ላይ ስንደዶ አክሎ ማለቅ አለበት። ክንድ የሰጠው ጉልበት ወደ ቀጭኑ ሲተላለፍ ፍጥነቱ ይጨምርና ጫፉ ድምፅን ቀድሞ ያልፋል፤ ያ «ጧ!» የሚለው ከዚያ ነው የሚመጣው። ዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ የናይለን ገመድ በትር ላይ ቢታሰር ያፏጫል እንጂ አይጮኽም። ጋሼ ቃጫ ከመርካቶ ያመጡና ውኃ ነከር ያደርጉታል፤ ደረቁ ሲገመድ ይሰባበራል። ከዚያ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ በመዳፋቸው ጭናቸው ላይ እያሹ ይገምዳሉ። በየስንዝሩ ጥቂት ክር ይቀንሳሉ። መቀነሱን ዘንግተው ካለፉ ያለ ቅሬታ ይፈቱትና ከሳቱበት ይጀምራሉ። ለልጅ የሚሰጡት ከልጁ ቁመት ብዙም የማይረዝም ነው፤ ረጅም ጅራፍ ትንሽ ክንድ አይታዘዝለትም፣ ዞሮ የራሱን ጆሮ ይገርፋል። የገመዱን እጥፍ ያህል ዙሪያው ባዶ ካልሆነም አያስጮኹም፤ የሚፈሩት ለዓይን ነው።

ችቦን ነሐሴ ላይ መግዛት ስሕተት ነው ይሉ ነበር፣ እውነታቸውንም ነው። በዚያ ሰሞን መንገድ ዳር የተደረደረው ዝናብ ስለጠጣ ጭሱ እንጂ እሳቱ አይታይም። በሐምሌ መጀመሪያ ቀጫጭኑን እንጨት ገዝተው ማድ ቤት ጣሪያ ሥር ይሰቅሉታል፤ እስከ ቡሄ የወጥ ቤቱ ሙቀት ያደርቀዋል። ሲያስሩት አራት ቦታ ነው፤ ማሰሪያው ሥር ትንሽ ጣት መግባት አለባት። በጣም ከጠበቀ አየር አያልፍም፣ ይጠፋል። ከላላ ደግሞ ፍሙ በልጆች እግር ላይ ይረግፋል።

ሙልሙሉ የፍልሰታ ጾም ውስጥ የሚውል ዳቦ ስለሆነ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም አይገባበትም። ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ከ6 መቶ ሚሊ ሊትር ያላነሰ ለብ ያለ ውኃ፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ። ከዚህ 12 ሙልሙል ይወጣል። በክረምቱ ብርድ ሊጡ ቶሎ አይነሣም፤ ሰዓት አይተው ሳይሆን እጥፍ ሲሆን ነው የሚጋግሩት። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ለእንጀራ እንደሚያግሉት ካጋሉት ውጪው ያርራል፣ ውስጡ ሊጥ ይቀራል። ሞቅ ሲል አስቀምጦ፣ አክንባሎ ከድኖ፣ ማገላበጥ ነው። ጋሼ ሆያ ሆዬ የሚሉትን ልጆች ቆጥረው አይጋግሩም ነበር፤ ከሚመጡት በላይ ይጋግሩና የተረፈውን ለዘበኞቹና ለሊስትሮዎቹ ያዞራሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ክረምት ከበጋ፣ ልጆቻቸውን አስከትለው በስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርገው እንጦጦ ማርያም ይወጡ እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ዳገቱ ላይ አያስሮጡም፣ አያስወሩም፤ ወሬው ጫፉ ላይ ከተደረሰ በኋላ ነው። ጽድና ባሕር ዛፍ ቅጠላቸውን በጣት አሽተው ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲለዩ ያደርጓቸዋል።

ተረታቸው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ቡሄ ማታ ችቦው ወርዶ ፍም ሲሆን ነው የሚጀምሩት። ስለ ታቦር ብርሃን፣ ሌሊቱ ቀን መስሏቸው ሜዳ ስለቀሩት እረኞችና ዳቦና ችቦ ይዘው ስለወጡት ወላጆች ይነግሩና ወደ ጅቡ ይሻገራሉ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን አንድ ዐረፍተ ነገር ግማሽ ሰዓት ያስኬዱታል። ጅቡ በር ያንኳኳል፤ ጎንበስ ብሎ ጤና ይስጥልኝ ይላል፤ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነኝ ይላል። ድምፃቸውን አያጎረንኑም፤ ትሑት፣ የደከመ መንገደኛ ያስመስሉታል፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ቁርበቱ ይነጠፋል፤ መብራቱ ይጠፋል። እዚህ ዝም ይላሉ። ልጆቹ እስኪጠይቁ። ከዚያ «ጠዋት ሲነጋ ቁርበቱ የት ገባ?» ብለው ራሳቸው ይጠይቃሉ። ትምህርቱ ይህ ነው ብለው አያውቁም፤ ተረት የሚሞተው ሲብራራ ነው፣ በዚህ ከእሳቸው ጋር ነን። ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ፤ የመጨረሻዋ ሙልሙል ለዚህ ነበር የምትቀመጠው።

ዘንድሮም አንዷን አስቀምጡ። ፍሙ ሲቀር ከቤቱ ትንሹ ልጅ «ተረት ተረት» ይበል፣ ያላችሁበት ሆናችሁ «የላም በረት» በሉለት፤ ጅቡን እንዲያመጣላችሁ ንገሩት፣ ዳቦዋም የተራኪው ትሁን።