«ዘ ፋይተር»፦ ከሪንጉ ይልቅ ሳሎኑ የሚከብድበት ፊልም

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር በስልክ ካሜራ አጭር ፊልም የምትሠሩ ልጆች፣ የቡጢ ትዕይንት ከመሞከራችሁ በፊት በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዴቪድ ኦ. ራስልን «ዘ ፋይተር» እዩት። ታሪኩ የእውነተኛው ቦክሰኛ የሚኪ ዋርድ ነው። እናቱ ማናጀሩ፣ ሱስ የጣለው ታላቅ ወንድሙ ዲኪ ደግሞ አሠልጣኙ ነው። እንግዲህ ማንን ያባርር?

ክሪስቲያን ቤይል ለዲኪ ሚና ከስቷል፤ እናንተ ግን ክሳቱን ትታችሁ እጁንና ዓይኑን ተከታተሉ፣ አንድ ቦታ አይረጉም። ሚኪን የሚጫወተው ማርክ ዋልበርግ ዝም ብሎ ይሰማል። እሱ ባይረጋ ኖሮ የቤይል ቅብጥብጥነት ባዶ ጩኸት በሆነ ነበር። ኦስካሩን ግን ቤይልና እናቲቱን የተጫወተችው ሜሊሳ ሊዮ በረዳት ተዋናይነት ወሰዱት (ዝምተኛን ማን ይሸልማል!)።

ወደ ቀረጻው ስንመጣ፣ ካሜራውን ቡጢ ከሚቀበለው ተዋናይ ትከሻ ጀርባ አድርጉት። ቡጢው ፊቱን ሳይነካ ቢያልፍም ክፍተቱ አይታይም፤ ከጎን ከቀረጻችሁ ግን ወዲያው ይጋለጣል። አብዛኛው ጀማሪ የሚበላሽበት ቡጢው ሳይደርስ አንገቱን ስለሚመልስ ነው፤ መጀመሪያ በዝግታ ተለማመዱት። ድምፁን ለብቻ ቅዱ፤ ጤፍ የሞላ ጆንያ በጡጫ መምታት ይበቃል።

የሚኪ መለያ በግራ እጅ የሚሰነዘር የጎን ቡጢ ነው፤ የተጋጣሚውን ጉበት ያገኛል። የጉበት ምት ሕመሙ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚመጣ ተዋናዩ ወዲያው አይውደቅ፤ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይበል፣ ከዚያ ይታጠፍ።