ሙቀቱ ሲሰበር

የበጋው ሙቀት ሲሰበር ነፍስ እዘራለሁ። በሙቀቱ ወራት 20 ደቂቃ ስራመድ ራሴን ያመኛል። ቅዝቃዜው ሲገባ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ብሄድም እግሬ አይሰንፍም። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ያን ያህል ላብ ማፍሰስ የለበትማ።

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ጋር ጫካ ገብተን ነበር። ቅጠሉ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ቀይ ሆኗል። ቢጫው አዲስ ቀለም አለመሆኑ ሁሌም ይገርመኛል። በጋውን ሙሉ እዚያው ነበር፤ ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ሸፍኖት ነው። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ አረንጓዴውን ማምረት ያቆማል፣ ቢጫው ብቅ ይላል። ቀዩ ግን በአብዛኛው አዲስ የሚሠራው ያኔ ነው። ይህን ስነግራት እህቴ አንድ ቅጠል አንስታ ወደ ፀሐይ ይዛ ቆየች።

ስለ ልብስ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ከውስጥ ጥጥ አትልበሱ። ላቡን ይዞት ይቀራል፤ ቆም ስትሉ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ስስ የሱፍ ልብስ ይሻላል። ከላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት። ስትነሱ ትንሽ ቢበርዳችሁ ጥሩ ነው፤ ጥቂት እንደሄዳችሁ ይሞቃችኋል። ውኃም ያዙ፣ በብርድ ጊዜ ጥሙ ቶሎ አይሰማም።

ጨለማው ግን ቶሎ ይመጣል። ቅዳሜ ዕለት ከጫካው ሳንወጣ መሸብን። ግንባሬ ላይ የማስረው መብራት ቦርሳዬ ውስጥ ነበረና አልደነገጥንም። ሜዳው ላይ ስንደርስ አጠፋሁት። ሰማዩ በከዋክብት ሞልቷል፣ ገና በጊዜ። ቆመን አየን።